ሙደሲርና ስብርባሪው ዐረብኛ

ሙደሲር በጁባ የናቀውን ሁሉ መቁጠር ቀን ይፈጃል፤ ያልናቀውን መቁጠር ይቀላል። ያልናቀው ራሱን ነው። የቀረውን፣ አቧራውንም፣ ነጩን የድርጅት መኪናም፣ በዚያ መኪና ኮሎሎ መንገድ ላይ የሚንፈላሰሱትን ያገሩን ልጆችም፣ ከንፈሩን አንዴ ጠመም አድርጎ ያዳርሰዋል። "ደመወዛቸው በዶላር፣ ወሬያቸው በእንግሊዝኛ፣ ሥራቸው የለም" ይላቸው ነበር። እሱ ከነሱ በልጦ የሠራው ምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ፣ ንቀቱ እያደር ሰባ።

ሱቅስ ነበረው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና በጅምላ ይሸጣል። ጁባ የገባው አገሩ ነጻ ከመውጣቱ አራት ዓመት ቀድሞ ነው፤ ባንዲራው የተሰቀለ ቀን ከተማው ሲጨፍር እሱ በሱቁ በር ቆሞ የተረገጠ የሳሙና ካርቶን ያነሳ ነበር። ቤቱ "ጁባ ና ባሪ" በሚባለው ሰፈር ነው፤ በቆርቆሮ አጥር የተከበበ ግቢ ውስጥ ከሚስቱ ከጀውሀራና ከታናሽ እህቱ ከጀንነት ጋር ይኖራል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ጀንነትን ያሳደጋት እሱ ነው፤ ይህንንም በቀን አንዴ ሳያስታውሳት አይውልም።

ሰዎቹ አርጎባ ናቸው። መንደራቸው ከሸዋ ደጋ ወደ ቆላው በሚወርደው ገመገም ላይ የተሰቀለች፣ ድንጋይ ቤት በድንጋይ ቤት ላይ የተደረደረባት ናት። ሙደሲር ከአፉ የማይለየው አንድ ነገር ቢኖር አርጎብኛ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው የሚለው ነው። "አማርኛ ነው" ያለው ሰው ከሱቁ ስኳር ገዝቶ አይወጣም፤ ቢወጣም ተለክቶ የጎደለውን ነው። በዚህ ነገር አይፈረድበትም። ልጅ ሳለ ከመንደሩ ወርዶ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት አስተማሪው አስነስተው ስለ ቤቱ ተናገር አሉት። እሱም እናቱ በምትናገረው ተናገረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ደግሞ ሳቁን ከማስቆም ይልቅ "አማርኛህን ማነው የሰበረብህ?" ብለው ጨመሩበት። ልጁ ከተቀመጠ በኋላ እስከ ደወል ድረስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያቺ ሳቅ አርባ ዓመት ሙሉ ከጆሮው አልወጣችም፤ ቁስሉ እውነተኛ ነው።

ነገር ግን ቁስል ያለበት ሰው ሁሉ ለሌላው ቁስል ያዝናል ያለው ማነው? ሙደሲር ሁለተኛ እምነት ነበረው፤ ጁባዎች የሚናገሩት ዐረብኛ ቋንቋ አይደለም የሚል። እሱ ከመንደሩ ሼህ ዘንድ ኪታብ ቀርቷል፤ ነሕው፣ የዐረብኛውን ሰዋስው፣ አጥንቷል፤ የዐረብኛን ቃል መጨረሻ እንደ ጣቶቹ ቆጥሮ ያውቀዋል። ታዲያ ጁባ ሲገባ ባሪውም፣ ዲንቃውም፣ ዛንዴውም የሚግባባበት ያ ዐረብኛ ጅራቱም ቀንዱም የተቆረጠ ሆኖ አገኘው። "ይሄ ምን ቋንቋ ነው? ስብርባሪ ነው! ዐረብኛን ከሰገነት ወርውረው ያገኙትን ለቅመው ነው!" ይላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። አስተማሪው ለሱ ያሉትን ቃል ሳይቀንስ ሳይጨምር ለሌላው ሲያቀብል ድምፁ እንኳ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ስለዚህም የጁባን ዐረብኛ አልማር አለ። ቁጥሩን፣ "ስንት ነው"ን፣ "የለም"ን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያረክሰኛል ባይ ነው። ጠዋት ጠዋት በባምያ ሻጮቹ ሴቶች መካከል ሲያልፍ በጠራው በኪታቡ ዐረብኛ፣ ቃሉን እስከ ጅራቱ እየጎተተ፣ እንዴት አደራችሁ ይላቸዋል። ሴቶቹ ቀና ብለው ያዩታል። ዱዓ የሚያደርግላቸው መስሏቸው እጃቸውን ይዘረጉና "አሚን" ይላሉ፤ አንዷማ፣ ያውም በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የምትስመዋ፣ ፊቷንም ታብስ ነበር። ሙደሲር ይህን እንደ አክብሮት ቆጥሮት ስድስት ዓመት ሙሉ ደረቱን ነፍቶ አለፈ።

ደንበኛን የሚያናግሩለት እንግዲህ ጀንነትና ቲና ናቸው። ቲና የሱቁ ሻጭ ናት። እናቷ ባሪ፣ አባቷ ኩኩ፤ እሷ ግን ከጦርነቱ ሸሽተው አዲስ አበባ ነው ያደገችው፤ ነጻነቱ ሲመጣ ተመለሰች። አማርኛዋ ከሙደሲር ይጠራል፤ ይህንንም እሱ ፈጽሞ ይቅር አላላትም። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ባሪና ኩኩ አንድ ቋንቋ ነው ሁለት ብሎ ጠየቃት።

"እንደ ቀኑ ነው ጋሼ" አለችው ቲና። "እናቴ አንድ ነው ትላለች፤ አባቴ ሁለት ነው ይላል። ሲጣሉ ሁለት ይሆናል፣ ሲታረቁ መልሶ አንድ ይሆናል። እኔ በሁለቱም ስሰደብ ነው ያደግሁት፤ ሁለቱም በደንብ ይገባኛል።"

"ሁለቱም ምን ቋንቋ ሆኖ ነው" አለና ዞር አለ። ቲና የስኳሩን ማንኪያ አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። እሷ ደግሞ የመናቅ ፍላጎት የሌላት አይምሰላችሁ፤ ጊዜዋን ትጠብቅ ነበር።

አሁን ስለ ንግዱ ዘዴ ይነገር። ሙደሲር ገዢ ፊቱ ቆሞ ሳለ ከጀንነት ጋር በአርጎብኛ ይመካከራል። "ይሄ የድርጅት ነው፣ ጨምሪበት።" "ለዚህኛው የከረመውን ስጪው።" "ይቺ ስትከራከር ትውላለች፣ ተያት።" በኬንያዊና በዩጋንዳዊ ፊት ይህ ወርቅ የሆነ ዘዴ ነው። በሐበሻ ፊት ሲሆን ግን ወርቁ ይዝጋል፤ አርጎብኛን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ እንኳ ካልተኛ በቀር ግማሹን ይይዘዋል። ሙደሲር ይህን አያምንም፤ ካመነ አርባ ዓመት የተሟገተለት ነገር የሚፈርስ ይመስለዋል። ንያኩሮን አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ የምታስተዳድረው ሰናይት አንድ ቀን ዘይት ልትገዛ መጣች። "ለዚች ወፍራም አሮጌውን ስጫት" አላት ለእህቱ በአርጎብኛ፣ ፊቱን በፈገግታ አብርቶ።

ሰናይት ቦርሳዋን ዘጋችና "ወፍራሟ አዲሱን ነው የምትፈልገው" አለችው በአማርኛ።

ጀንነት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሙደሲር ግን ሲያስብበት ውሎ ምክንያቱን አገኘ። "ከዓይኔ ነው የገባት፤ ዓይኔ ይናገራል" አለ። ሰው ራሱን ለማታለል የሚያወጣውን ጉልበት ለሥራ ቢያወጣው የት በደረሰ።

ነገሩ የተበላሸው ቡሽራ በመጣ ጊዜ ነው። ቡሽራ የደሴ ልጅ ነው፤ የአንድ አየር መንገድ ቲኬት ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ለቢሮው የታሸገ ውኃ ሊገዛ መጣ፤ ከዚያ ብስኩት ሊገዛ መጣ፤ ከዚያም ሳሙና፣ ከዚያም እንደገና ውኃ። በሁለት ወር ውስጥ አንድ የቲኬት ቢሮ እንዲህ የሚጠማውና እንዲህ የሚታጠበው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ቲና ብቻ ገና በሁለተኛው ሳምንት ገብቷታል። ጀንነትም ቡሽራ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ ሻሿን መቀየር ጀምራለች።

አንድ ቀን ወንድምና እህት በአርጎብኛ ሲነጋገሩ ቡሽራ ጆሮውን ጣል አደረገና ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ለመቀራረብ ነው። "ጋሽ ሙደሲር፣ ይሄ እኮ የእኛው አማርኛ ነው! ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው እንጂ።"

ጀንነትም ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው አፏን ያዘች፤ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሙደሲር ከሁለቱ ሳቅ ውስጥ የዚያን የክፍሉን ሳቅ ሰማ። ውኃውን ቆጥሮ ሰጠው፤ ቡሽራ ከበሩ ሲወጣም በልቡ ማለ። ይህ ሰው ጀንነትን የሚያገባው በኔ መቃብር ላይ ነው አለ። መሐላው ባዶ አልነበረም። አባት የለም፤ የልጅቱ ወሊይ፣ ለጋብቻዋ ቃል ሰጪው፣ እሱ ነው፤ የሱ ቃል ሳይኖር ኒካሕ አይታሰርም። ጀንነት ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ሰው አትፈልግም፤ ተሰርቆ መሄድን ደግሞ በሞቱት አባቷ ስም ታፍራለች። ሕይወቷ በወንድሟ ምላስ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አረፋ ካለፈ በሳምንቱ የቡሽራ ሽማግሌዎች ለጁምዓ ከሰዓት እንመጣለን ብለው ላኩ። ሙደሲር "ይምጡ" አለ። ሽማግሌ አይመለስም፤ ግን ሦስቴ አመላልሶ በአራተኛው እምቢ ማለት እንደሚቻል ያውቃል።

ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ ጁባ የሚነግዱ ሐበሾች ናቸው፤ መሪያቸው ሐጂ ረፊቅ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የደሴ ሰው ናቸው፤ ሴት ልጃቸው ጋ ጁባ ሊከርሙ የመጡ እንጂ ነጋዴነቱን ከተዉት ቆይተዋል። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ አሰላሙ ዐለይኩም አሉ፤ ምንጣፉ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዶላር መጥፋት ጠየቁ። ቲና ለዕለቱ ልታግዝ መጥታ እጅ ታስታጥባለች። ጀውሀራ ከጓዳ ወደ ሳሎን ትመላለሳለች። ጀንነት ከመጋረጃው በስተጀርባ ባለው ክፍል ቁጭ ብላ ትንፋሿን ትቆጥራለች።

ሐጂ ነገራቸውን በወጉ አነሱ፤ ልጃችንን ልጅ አድርጉልን አሉ። ሙደሲር ራሱን በዝግታ ነቀነቀ። ከዚያም ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ ፊቱን ማር አስመስሎ፣ በአርጎብኛ ምክር ጀመረ። ጀውሀራ ከንፈሯን ነከሰች፤ ተው በሚል ዓይን አየችው። እሱ ከጀመረ መች ይመለሳል።

"ይሄ ሽማግሌ ጨው ሲጫን ኖሮ ጡረታ የወጣ አህያ ይመስላል" አላት እየሳቀ። "ልጃቸው የሰው ሻንጣ ትኬት ይቆርጣል፤ እህቴን ከሻንጣ ጋር ይመዝናት? ሦስቴ አመላልሼ ባዶ እጃቸውን ነው የምሸኛቸው። ለምሳ አትድከሚ። ያ በመንገድ የተቀደደው፣ አሸዋ የገባበት ጆንያ አለ አይደል፣ ከሱ ሩዝ ይበቃቸዋል።"

ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረና በአማርኛ "ከባለቤቴ ጋር አክብሮታችንን እየተነጋገርን ነው" አለ።

ከሁለቱ ነጋዴዎች አንዱ ሳል ያዘው። ሌላው የምንጣፉን ዘርፍ አጥብቆ ይመለከት ጀመር። ሐጂ ረፊቅ "ማሻአላህ" አሉ። ቲና የማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ ይዛ እንደቆመች ወደ ጣሪያው አየች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሆነ ያልገባው ተናጋሪው ብቻ ነበር።

ጀውሀራ የባሏን ቃል ፈጸመች፤ ከተቀደደው ጆንያ ቀቀለች። ለቅማዋለች፤ ግን አሸዋ ተለቅሞ አያልቅም። ምሳው ቀረበ፤ ቢስሚላህ ተባለና በአንድ ትሪ ዙሪያ ተበላ። ሐጂ ረፊቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሱ፤ አኘኩ፤ ዋጡ። ከዚያም ቀና ብለው፣ ሙደሲርን እያዩ፣ ቀስ ብለው በአርጎብኛ ተናገሩ።

"ሩዙ ግሩም ነው። የተቀደደው ጆንያ እንዲህ ከጣፈጠ፣ ያልተቀደደው ምን ሊሆን ነው!"

የሙደሲር ጉንጭ ሙሉ ነበር። በዚያችው ቅጽበት አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በመንጋጋው መካከል ገባችና ቀጭ አለች፤ ሁሉም ሰማት። መዋጥም መትፋትም አልቻለም። ምላሱ የለመደውን ምክንያት ፈለገ፣ ከዓይኔ ነው የገባቸው ሊል፤ ግን ስለ ጆንያ የሚናገር ዓይን የለም።

ሐጂ እጃቸውን ጠረጉ። አሁን በአማርኛ ነው የተናገሩት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

"ሙደሲር፣ ልጄ፣ እንግዲህ አንድ ነገር አንተው ፍረድልን። ሰው የእናንተን አፍ አማርኛ ነው ይላል። አማርኛ ከሆነ፣ አንተ ዛሬ ቤትህ የመጡ ሽማግሌዎችን ፊት ለፊት በገዛ ቋንቋቸው ሰድበሃል። ጫማችንን አድርገን እንወጣለን፤ ለምን እንደወጣንም ለጠየቀን እንናገራለን። የለም፣ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው ካልክ ደግሞ፣ አንተ ያወራኸው ከሚስትህ ጋር ነው፣ የቤት ምክር ነው። ያልተጠራሁበት ጆሮዬን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አውፍ በለኝ እልሃለሁ። የቱ ነው?"

ሙደሲር ያን ጥያቄ አርባ ዓመት ጠብቆት ነበር። አንድ የአማርኛው ወገን ሰው፣ ሽማግሌ፣ ሐጂ፣ በሰው ፊት ቋንቋ ነው ወይ ብሎ በወጉ እንዲጠይቀው ያልተመኘበት ቀን የለም። ሲመጣ በዚህ መንገድ መጣ፤ አፉ ውስጥ አሸዋ ይዞ።

"ቋንቋ ነው" አለ ድምፁ ወርዶ።

"እኔም የማውቀው እንደዚያ ነው" አሉ ሐጂ። "አማርኛ ስለሆነ አይደለም የገባኝ። ሰንበቴ ገበያ ሃያ ዓመት ከእናንተ ሰዎች ጋር ነግጃለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት በቋንቋችሁ ሽጣችሁኛል! ሲስቁብኝ አብሬ እስቅ ነበር፣ ምን እንዳሉ ሳላውቅ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ቡሽራ የቀለደው ያልሰማ ሰው ቀልድ ነው፤ ነግሮናል፣ ይጸጸትበታል። ሰው ቁጭ ብሎ ያልሰማውን ቋንቋ ታሟል፣ ተሰብሯል ማለት ያላዋቂ ነገር ነው። አይደለም እንዴ?"

"ልክ ነው" አለ ሙደሲር።

ቲና አየችው። ማንቆርቆሪያውን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች።

እምቢ የሚልበት ነገር ከእጁ ወጣ። ቢሆንም አንድ ተስፋ ቀርታው ነበር። "የልጅቱ ፈቃድ ይጠየቅ፤ በሸሪዓው እሷ እሺ ካላለች አይሆንም" አለ። በሱ ቤት ጀንነት በሰው ፊት ተጠይቃ አታውቅም፤ አፍራ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋንም እኔ እተረጉመዋለሁ ብሎ ነው። ይህን ያህል ከተዋረደ በኋላ እንኳ አንድ ቀዳዳ ያጣል ብላችሁ አትስጉ።

ጀንነት ተጠራች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ በሩ ላይ ቆመች። ሙደሲር ራሱ ጠየቃት፤ በአማርኛ፣ ከበድ ባለ ድምፅ።

ጀንነት ለወንድሟ አልመለሰችም። ወደ ቲና ዞረች። ቲናም በጁባ ዐረብኛ "ኢታ ደር ሹኑ?" አለቻት፣ ምን ትፈልጊያለሽ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እንደ ባምያ ሻጮቹ፣ ቃል በቃል ላይ እየደረቡ ይነጋገሩ ጀመር። ጀንነት ድምፅዋ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየቆየ ግን ረጋ፣ ቀጥሎም ሞቀ። ቲና በጣቶቿ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች የሆነ ነገር ቆጠረችላት። ጀንነት አራተኛውን ጨመረች። ቲና ሳቀች። አንዴ ንያኩሮን የሚል፣ አንዴ ሰናይት የሚል ስም ተሰማ። ጀውሀራ በጓዳው በር ሆና ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

ሙደሲር በኩራት ተቀምጦ ጠበቀ። ይህን ስብርባሪ የሚሰማ ጆሮ የለውም፤ አንድ ሁለት ቃል ከኪታቡ ዐረብኛ ጋር የሚዛመድ ሲያልፍ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፣ የገባው እንዲመስል። ሐጂ ረፊቅም አልገባቸውም፤ እሳቸው ግን አልነቀነቁም። "እኔ ጁባ ከመጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው" አሉ። "ልጄ፣ ምን አለች?"

"እሺ ብላለች" አለች ቲና።

"ይሄን ሁሉ የለፈለፋችሁት እሺ ለማለት ነው?" አለ ሙደሲር።

"ስብርባሪ አይደል ጋሼ" አለችው ቲና። "ብዙ ነው የሚፈጀው።"

ፋቲሓ ተቀራ። ሙደሲርም እጁን ዘርግቶ "አሚን" አለ።

ኒካሑ በሦስተኛው ሳምንት ታሰረ። ቡሽራ በሐጂ እግር ሥር ቁጭ ብሎ አርጎብኛ ሰላምታ ተለማምዶ መጣ፤ ሲናገረው እውነትም ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር፤ የዚህን ጊዜ የሳቀችው ጀውሀራ ናት። ሙደሲር ሰላምታውን ተቀበለ። ለሳምንት ያህል ገበያ ውስጥ ደንበኛውን ሁሉ እያስቆመ "አማቼ ቋንቋችንን እየተማረ ነው" ሲል ከረመ። የተሰደቡትን ሽማግሌዎችና ያን ጆንያ ረስቷቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያሳፍረውን አያስታውስም።

ጥር ሲገባ ቲና ሥራ ለቀቀች። በዚያው ሳምንት ንያኩሮን፣ ከሰፈሩ የባህል ማዕከል ወረድ ብሎ፣ ጀንነትና ቲና በጋራ የጅምላ ሱቅ ከፈቱ። ሰናይት የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሆነች፤ የማረፊያ ቤቶቹም ተከትለዋት ሄዱ። ባምያ ሻጮቹም ለቤታቸው ስኳር የሚገዙት እዚያ ሆነ፤ ወሬያቸውን የሚሰማ ሰው ያለው እዚያ ነዋ። ሙደሲር ሱቅ ውስጥ ሩዙና ስኳሩ እንዳለ ነው፤ ሰው ግን የለም። ገዢ ሲመጣ በጠራው ዐረብኛ ያስተናግደዋል፤ ገዢው ጥቂት ይቆምና ይሄዳል።

ቲና የቀረ ልብሷን ልትወስድ በመጣች ቀን ሙደሲር መጠየቁ አልቀረም።

"ይሄን ሱቅ መቼ ነው የተማከራችሁበት?"

"ያን ዕለት ነዋ ጋሼ።"

"የቱን ዕለት?"

"ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት። እርስዎ ፊት።" ልብሷን አጣጥፋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች። "ጀንነት መጀመሪያ ወንድሜ ብቻውን ይቀራል ብላ ፈርታ ነበር። እኔ ሱቁ የት እንደሚሆን፣ ማን እንደሚገዛን ቆጠርኩላት። እሷ ደግሞ ሱቁን ሳንከፍት ቀድመን እንንገረው አለች። ነገርንዎት እኮ። እርስዎም ራስዎን ነቀነቁ።"

ሙደሲር ሱቁን በቀትር ዘግቶ ወደ ቤት ሄደ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ጀውሀራ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ በልብሶቹ መካከል ገባና፣ ቃሉ እየተሰናከለ፣ በአርጎብኛ ጠየቃት።

"ያን ቀን፣ ልጆቹ ያወሩት፣ አንቺ ገብቶሽ ነበር?"

"ገብቶኛል።"

"ሁሉም?"

"ስድስት ዓመት ገበያ የምሄደው ማን ይመስልሃል? ሁሉም ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እህቴን ከሱቄ ሲያወጡ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ፊቴ!"

ጀውሀራ የእጇን የውኃ ጠብታ አራገፈች። የሱን ሸሚዝ አንስታ ገመዱ ላይ ዘረጋች፤ እጅጌውን አቃናች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሙደሲር ጆሮ ግን የዚያን ቀን ባዳነቱን አቁሞ እያንዳንዷን ቃል ሰማ።

"ስብርባሪ ነው ትለን የለ" አለችው። "ስብርባሪ ምን ይነገራል ብዬ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ሙደሲር በባምያ ሻጮቹ መካከል ሲያልፍ ሰላምታ አልሰጠም። ሴቶቹ ግን ለምደውት ነበርና እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት።